አዲስ ግዛ

የቮልስ ሞተር ስምንት ቫልቭ አለው። እያንዳንዱ ቫልቭ አንገቱ ላይ በሁለት ቁራጭ ብረት ይቆለፋል። ሁለቱ ሲገጥሙ ቀለበት ይሠራሉ፤ ሲለያዩ ከትንሿ ጣት ጥፍር የማይበልጡ ሁለት ጎባጣ ነገሮች ናቸው። ሞላውን ወጥረው የሚይዙት እነሱ ናቸው። ከቦታቸው ከወጡ ቫልቩ ሲሊንደር ውስጥ ይገባል፣ ፒስተኑ መጥቶ ይገጨዋል፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ታሪክ የሚተርከው ቆራሌው ነው። ስምንት ሲባዛ በሁለት አስራ ስድስት። እኔ ዘንድ፣ ማድ ቤት መስኮት ላይ በተቀመጠችው የእርጎ ዕቃ ውስጥ፣ ያሉት አስራ አምስት ናቸው።

አስራ ስድስተኛዋ ከቤት አልወጣችም። ይህን በእርግጠኝነት ነው የምናገረው፤ መስኮቱ ዝግ ነበር፣ በሩ ዝግ ነበር፣ ውጭ በረዶ ይጥል ነበር። የሞላ መጭመቂያው ሸርተት ሲል እሷ ተፈናጥራ በረረች፣ አንድ ነገር "ትክ" አድርጋ መታች፣ በቃ። የመታችው ነገር ምን እንደሆነ ነው እስካሁን ያልታወቀው። ማቀዝቀዣውን በማንኪያ መታሁት፤ "ትክ" አለ። የቤት ማሞቂያውን ቧንቧ መታሁት፤ እሱም "ትክ" አለ። ረከቦቱ ሳይቀር "ትክ" ይላል። ባለቤቴ ከመኝታ ቤት፣ "ምነው ሰውዬ፣ በዚህ ሌሊት ረከቦት የሚደበድበው ምን ቢለክፈው ነው?" አለች። መልስ አልሰጠሁም። ምርመራ ላይ ነበርኩ።

ማግኔት በገመድ አስሬ ወለሉን ስጎትት ያላገኘሁት ነገር የለም። ኖርዌይ ውስጥ ማንኛውም ቤት ሲለቀቅ ከኋላ የሚቀረው የመጽሐፍ መደርደሪያ ብሎን፣ የፀጉር ሽቦ፣ የማን እንደሆነ ያልታወቀ ግማሽ መቀስ። የቫኪዩሙን ከረጢት ቀድጄ ጋዜጣ ላይ ዘረገፍኩት። ይኼኔ ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ምንም አላለችም፤ ባለትዳር የሆነ ሰው ግን "ምንም አላለችም" ማለት ስንት ገጽ እንደሆነ ያውቃል።

የብረቷን ዋጋ ልትጠይቁኝ ነው። ርካሽ ናት። ጣጣውም እዚህ ላይ ነው። ውድ ብትሆን ኖሮ አገሩ ሁሉ ተንበርክኮ አብሮኝ ይፈልጋት ነበር፤ ርካሽ በመሆኗ ግን የሰማ ሁሉ ያለው አንድ መልስ ነው፦ አዲስ ግዛ።

ከዚያ በፊት ስለ መኪናዋ ትንሽ ማለት አለብኝ። ስፖርት መኪና ናት። ቮልስ የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ መሳቁ አይቀርም፤ ይሳቅ። ስሟ ካርማን ጊያ ነው። መልኳን ጣልያን አገር ቱሪን ያለው የጊያ ስቱዲዮ ነደፈው፣ አካሏን ጀርመን ኦስናብሩክ ያለው የካርማን ፋብሪካ ቀጠቀጠው፣ ከሥሯና ከኋላዋ ያለው ግን ያው የምናውቀው ቮልስ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1955 እስከ 1974 ከ400,000 በላይ ተሠርተዋል። የእኔዋ የ1969 ናት፤ 1,493 ሲሲ፣ 44 የፈረስ ጉልበት። ስታዩዋት መንገዱን ሰንጥቃ የምትበር ትመስላለች፤ ዳገት ላይ ብስክሌተኛ ሰላም ብሏት ያልፋል። ቮልስዋገን ራሱ ይህን አልደበቀም። በዚያ ዘመን በሠራው የቴሌቪዥን ማስታወቂያ መኪናዋን ወደ ተወጠረ ወረቀት እንድትሮጥ አድርጎ፣ ወረቀቱን መቅደድ አቅቷት ስትቀር ለሕዝብ አሳይቷል። በዕቃው ላይ እንዲህ የሚቀልድ ነጋዴ ዛሬ የት ይገኛል?

ከእኛ መሃል ደግሞ ቮልስ ገፍቶ የማያውቅ ማን አለ? ሞተሩ ከኋላ፣ ሻንጣው ከፊት፣ ልጆቹ ከኋላ ወንበር ጀርባ ባለችው ጉድጓድ ውስጥ። ያን ድምፅ ከሦስት ቤት በላይ ሆነን እንለየው ነበር፤ "የእንትና አባት መጡ" ይባል ነበር። እኔ ይህችን መኪና የገዛሁት በመልኳ እንዳይመስላችሁ። ሻጩ ቁልፉን ሲያዞር የሰማሁት ድምፅ ነው ኪሴን ያስከፈተኝ።

ታዲያ የዚህ ሞተር ነገር የገባው ሰው ስለ ሦስተኛው ሲሊንደር ሲወራ ራሱን ይነቀንቃል። ሞተሩ ውሃ የለውም፤ የሚቀዘቅዘው ከላይ ባለው ማራገቢያ ነፋስ ነው። ነፋሱ ለአራቱም ሲሊንደሮች እኩል መድረስ ሲገባው፣ ከሦስተኛው በላይ የዘይት ማቀዝቀዣው ቆሞበታል። የሚደርሰው ያነሰ፣ ያም በዘይቱ የሞቀ ነፋስ ነው። በዚህ የተነሳ የሦስተኛው የጭስ ማውጫ ቫልቭ ከሌሎቹ ቀድሞ ይቃጠላል። መሐንዲሶቹ ነገሩ ገብቷቸው ማቀዝቀዣውን ገለል ያደረጉት ለ1971 ሞዴል ነው። የእኔዋ ያን አላገኘችም። ቫልቮቹ የሚቀመጡባቸውን ሁለቱን ቴስታታዎች ሳወርድ የቀኙ ጤነኛ ነበር፤ በግራው በኩል የሦስተኛው ቫልቭ ጠርዙ ተበልቶ፣ ጋይዱ ላልቶ፣ መቀመጫው ላይ ቀጭን ስንጥቅ ወጥቶ አገኘሁት።

መኪናዋ ከከተማው ወጣ ብሎ በተከራየሁት ጠባብ ጋራዥ ነው የምትኖረው። ጋራዡ ማሞቂያ የለውም። በዚህ አገር ብርድ የአሉሚኒየም ቴስታታ በባዶ እጅ መያዝ ማለት ምን እንደሆነ የሞከረ ያውቀዋል። ስለዚህ ሁለቱንም በፎጣ ጠቅልዬ፣ ትራም ተሳፍሬ፣ ግሩነርሎካ ያለው ሦስተኛ ፎቅ ቤቴ አመጣኋቸው። አጥቤ፣ እንዲደርቁ ኦቨን ውስጥ ከተትኳቸው። ሃምሳ ዓመት የቆየ ዘይት ሲሞቅ የሚያወጣው ሽታ ለእኔ መጥፎ አይደለም። ባለቤቴ ግን፣ "ይህ ኦቨን ድፎ የሚጋገርበት ነው ወይስ ቮልስ? ዛሬውኑ ወስን" አለች። ወስኛለሁ። ድፎው አሁንም ይጋገራል፤ የሚበላው ግን እንግዳ ብቻ ነው።

የቀኙን ቴስታታ ቫልቮች እዚያው ማድ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነው የሞረድኩት። ሥራው ይህ ነው፦ የቫልቩን ጠርዝ አሸዋ ያለበት ቅባት ትቀቡታላችሁ፣ መቀመጫው ላይ ታስቀምጡታላችሁ፣ በጎማ የሚጣበቅ ዱላ ራሱ ላይ ትለጥፋላችሁ፣ ከዚያ ዱላውን በሁለት መዳፍ መካከል እናቶቻችን እንዝርት እንደሚያሾሩት ግራ ቀኝ ማሾር ነው። መጀመሪያ "ክርክርክር" ይላል። ቅባቱ ሲደቅ ድምፁ ይለሰልሳል፤ ወደ "ሽሽሽ" ይለወጣል። አንስታችሁ ስታዩት ዙሪያውን አንድ ወጥ ግራጫ መስመር ወጥቶበታል፤ ሳይቆራረጥ፣ ሳይሰፋ፣ ሳይጠብ። ያችን መስመር ያየ ሰው ሌላ መዝናኛ አያምረውም። እኔ የማውቀው ይህ ደስታ ብቻ ነው ማለቴ አይደለም፤ ግን ቀረብ ይላል።

እንግዲህ "አዲስ ግዛ" ወደሚሉኝ ሰዎች ልመለስ።

የመጀመሪያው ከታች ያለው ጎረቤቴ ነው። ደግ ሰው ነው። በዚህ ቤት የሚኖር ሁሉ ደግ ነው፤ ቅር ያለው ሰው በር አያንኳኳም፣ ትንሽ ቢጫ ወረቀት ላይ ፈገግታ ስሎ በሩ ላይ ይለጥፋል። ይህ ጎረቤቴ የዳቦ እርሾውን በብርጭቆ ማሰሮ አድርጎ ያሳድጋል። ስም አውጥቶለታል። ለእረፍት ሲሄድ እኛ ነን ዱቄት የምናበላው። ሱሪው ጉልበቱ ላይ ሲቀደድ በዓይን በሚታይ ክር፣ ሆን ብሎ በሚታይ ክር፣ ይጠቅመዋል። ቡናውን ሚዛን ላይ መዝኖ፣ ሰዓት ይዞ ነው የሚያፈላው፤ ከረጢቱ ላይ የይርጋ ጨፌው ቡና ስንት ሜትር ከፍታ ላይ እንደበቀለ ተጽፏል። ይህ ሰው ነው እንግዲህ የብረቷን ነገር ሲሰማ በአዘኔታ አይቶኝ፣ "አዲስ መግዛት አይቀልህም?" ያለኝ።

አይቀለኝም! አንተስ ዳቦ ሱቅ መግዛት አይቀልህም?

ግሩነርሎካን ለማታውቁት፣ ሰፈሩ የዛሬውን የቡና ቤት መልኩን ሳይዝ በፊት የብረትና የሸራ ሰፈር ነበር። ወደ ክርስቲያንያ ከተማ፣ ማለትም ወደ ዛሬዋ ኦስሎ፣ የተጠቃለለው እ.ኤ.አ. በ1858 ነው። አከርሼልቫ የምትባለው ወንዝ ከላይ እየዘለለች ስትወርድ ፋብሪካዎቹ ግራ ቀኟን ተሰልፈው ይጠጧት ነበር። በ1856 የተቋቋመው የመርከብ ሸራ ፋብሪካ ነበረ፤ ዛሬ ሕንጻው የሥነ ጥበብ ኮሌጅ ነው። ከወንዙ ማዶ በ1873 የተቋቋመው የቩልካን ብረት ማቅለጫ ነበረ፤ ዛሬ በዚያ ግቢ ካሉት አሮጌ ሕንጻዎች አንዱ ከ2012 ጀምሮ ማትሃለን የሚባል የምግብ አዳራሽ ሆኗል። በ1953 የተሠራ ረጅም የእህል ጎተራ አለ፤ ከ2001 ጀምሮ ተማሪዎች ይኖሩበታል፣ ክፍሎቹም እንደ ጎተራው ክብ ናቸው። ኤድቫርድ ሙንክ ያደገው እዚሁ ነው፤ ቤተሰቡ በ1875 ወደዚህ መጥቶ ከአንዱ ኪራይ ቤት ወደ ሌላው ሲዞር ኖረ። የሠራተኛ ሰፈር፣ የጭስ ሰፈር ነበር።

አሁን ቩልካን በሚባለው ቦታ ቆሜ ዙሪያዬን ሳይ የሚሰማኝ ነገር አለ። እዚህ ቦታ ብረት እንደ ውሃ ይፈስ ነበር። ከዚህ አዳራሽ ውስጥ አንዱን ሠራተኛ ጠርቼ "ወዳጄ፣ እንዲህ ያለች ትንሽ ብረት ጠፋችብኝ" ብለው፣ እግሩ ሥር ካለው ፍርፋሪ አንስቶ በሞረድ አስተካክሎ ይሰጠኝ ነበር። ዛሬ ያ ግቢ ውስጥ በዓመት ስንት ዓይነት አይብ እንደሚሸጥ እንጃ፤ ቶርኖ ግን የለም። በመላው ሰፈር ቶርኖ የለም። የግራውን ቴስታታ መቀመጫ የሚቆርጥልኝ ሰው ያገኘሁት ከከተማው ውጭ ነው፤ እሱም ወረፋ አለው፣ ከወረፋውም በላይ ወደ ጡረታው እየቆጠረ ነው።

እንዲህ ያልኩ እንደሆነ ፈረንጆቹ አሮጌ ነገር ይጠላሉ ብዬ የማማ ይመስላል። ተቃራኒው ነው! እሁድ እሁድ ቢርከሉንደን መናፈሻ ውስጥ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ይቆማል። መርካቶ ምናለሽ ተራን አስቡ፤ ግፊያውን ቀንሱ፣ ዋጋውን ጨምሩ። አያቶቻቸው የጣሉትን ሰሃን፣ አባቶቻቸው የጣሉትን የቆዳ ጃኬት፣ እነሱ ራሳቸው የጣሉትን ካሴት መልሰው ይገዛሉ። ማርክቫየን ላይ የተለበሰ ሸሚዝ ከአዲሱ በልጦ የሚሸጥባቸው ሱቆች አሉ። አሮጌ ነገር ይወዳሉ። ሥራ ካልያዘ።

ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። በአንዱ ጠረጴዛ ላይ ከፒስተን ጋር የተያያዘ ቢየላ አምፖል ተገጥሞለት፣ የጠረጴዛ መብራት ሆኖ ቆሟል። አጠገቡ ያለው የጫማ ሳጥን ቫልቭ ሞልቶበታል፤ ግድግዳ ላይ ተመተው ኮት ይሰቀልባቸዋል ተባለ። ልቤ ዘለለ። ሳጥኑን እስከ ሥሩ በረበርኩት፤ ቫልቭ እንጂ መቆለፊያቸው የለም። ሻጯ ሲጋራ የምታጨስ ደርባባ ሴት ናት። "ምን ልትሠራበት ነው?" አለችኝ።

"ሞተር ውስጥ ልከተው" አልኳት።

ሳቀች። ከልቧ ነው የሳቀችው። ከዚያ ጎን ያለውን ሻጭ ጠርታ ነገረችው፤ እሱም ሳቀ። ቀልድ አዋቂ ተብዬ፣ በቅናሽ ኮት መስቀያ ልትሸጥልኝ ሞከረች።

ቤት ገብቼ አዲስ አበባ ደወልኩ። ድሮ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ጋራዥ የነበራቸው፣ ገና ልጅ ሆኜ ካቻቢቴና ፒንሳ አቀብላቸው የነበሩ አንድ ጋሼ አሉ። አሁን ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ ጆሯቸውም ደክሟል፤ ቴስታታ የሚለው ቃል ብቻ በአንድ ጊዜ ይሰማቸዋል። የልቤን አወራኋቸው። አዲስ ግዛ እያሉ እንዳስመረሩኝ፣ ሰው ዕቃ ማክበር እንደተወ፣ ሶማሌ ተራ ቢሆን ኖሮ በአምስት ደቂቃ አንዷን ብቻ መርጬ እንደምገዛ፣ ያገኘኋትም የራሴው መኪና ብረት ልትሆን እንደምትችል ሁሉ ነገርኳቸው። አዳመጡኝ።

"አንተ ልጅ" አሉ፣ "አስራ አምስቱንስ ምን ልታደርጋቸው ነው?"

"ልመልሳቸው ነዋ ጋሼ።"

"ሃምሳ ዓመት ጥርሱ የተበላ ብረት አዲስ ቫልቭ ላይ? እኔ ነኝ እንዲህ ያስተማርኩህ? አስራ ስድስቱንም ለውጥ! አዲስ ግዛ!"

የባሰ አታምጣ ነው። እሳቸው እንኳን! የአንድ ላዳ ካርቡራቶር ከሦስት ላዳ አዋጥተው የሚሠሩት እሳቸው! ሰማያዊና ነጭ ታክሲዎቹ የአዲስ አበባን ዳገት ይህን ሁሉ ዘመን የወጡት በማን እጅ ሆነና? በእኛ አገር እኮ መኪና ሲያረጅ ዋጋው ይጨምራል። ዲኤክስ ያለው ሰው ልጁን ሲድር ይታሰብለታል። እዚህ ደግሞ መኪናህን ወስደህ ለጭፍለቃ ብታስረክብ መንግሥት ገንዘብ ቆጥሮ ይሰጥሃል፤ ገዳዩን ነው የሚሸልሙት። ከእነዚህ ሁለት አገሮች መሃል የወጣ ሰው ከማን ጋር ይማከር?

የመጨረሻውን ጠጠር የጣለው ግን ያገሬ ሰው ነው። ለጥምቀት ሰብሰብ ብለን፣ ግሮንላንድ ሰፈር ከሚሸጠው እንጀራ ላይ ዶሮው ተጨልፎ፣ ጨዋታው ደርቶ ሳለ አንድ ወዳጄ ነገሬን አነሳው። ኤሌክትሪክ መኪና አለው። ትልቅ ነው፤ ሳሎን ነው የሚነዳው። "ስማ እንጂ" አለኝ፣ "አገር ቤት እንኳ ጥር 2016 ላይ የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል እንዳይገባ ተከለከለ። በዓለም የመጀመሪያዋ ተብሎ ተጻፈላት። እዚህም እ.ኤ.አ. በ2024 ከተሸጡት አዲስ መኪኖች 89 በመቶ ያህሉ ኤሌክትሪክ ናቸው። አንተ ብቻ ቀረህ። አሮጊቷን ተዋትና አዲስ ግዛ!" ቤቱ ሳቀ።

እዚህ ላይ ደሜ ፈላ። እስኪ እንነጋገር። መኪናዬ የተሠራችው በ1969 ነው። ኖርዌይ ሰሜን ባሕር ውስጥ ኤኮፊስክ የሚባለው የነዳጅ መስክ መገኘቱ የተነገራትም በዚያው በ1969 ነው፣ ገናቸው ሊገባ ሲል። እኩያሞች ናቸው። አንዷ በበጋ ቅዳሜ ጥቂት ሊትር ታቃጥላለች። ሌላዋ ዓለምን ነዳጅ ስታጠጣ ኖራ አገር አበለጸገች፤ በዚያ ሀብት የጠና መንግሥት ለኤሌክትሪክ መኪና ግብር ትቶ፣ ሰዉም ርካሽ ሆኖለት ገዛ፤ ከገዛ በኋላ ደግሞ ወደ እኔ ማድ ቤት ዞሮ አፍንጫውን ይይዛል። አንተ ወዳጄ፣ ኮፋኖ ከፍተህ የማታውቅ፣ ጎማህ ሲተነፍስ ስልክ የምትደውል፣ የኪራይ ውልህ ሦስት ዓመት ሲሞላው መኪናውን እንደ ካልሲ የምትቀይር ሰው፣ ስለ ምድር ጤና ልታስተምረኝ ነው? እዚህ ያለችው መኪና እኮ አንድ ጊዜ ተሠራች፤ ተሠራች፣ በቃ!

እንዲያውም ቤንዚኑ አይደለም ነገሩ። "አዲስ" የሚሏት ቃል ናት። እዚህ አገር ከገባሁ ጀምሮ ጆሮዬ ላይ ናት። መንጃ ፈቃድ ይዤ መጣሁ፤ አይሠራም፣ አዲስ አውጣ። ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን ዓባይ በረሃን በጭነት መኪና የወረድኩትን ሰው፣ ከእኔ ልጅ ብዙ የማይበልጥ አስተማሪ አጠገቤ ተቀምጦ ፍሬን የቱ እንደሆነ አሳየኝ። ሆን ብለው መኪና የሚያንሸራትቱበት ሜዳ አለ፤ ለመንሸራተትም ይከፈላል። ጋራዥ ውስጥ ስሠራ የኖርኩበት ዘመን ወረቀቱ አይታወቅም ተባለ፤ አዲስ ተማር። ተማርኩ። የማውቀውን ነገር በማላውቀው ቋንቋ እንደገና ተማርኩ፤ ፈተና ላይ አንድ የሞተር ሥዕል መጣ፣ ክፍሎቹን ሰይም ይላል። እጄ ያውቃቸዋል፤ አፌ አያውቃቸውም። ያን ዕለት የተሰማኝን ለማንም አላወራሁም፤ አሁንም አላወራውም። ብቻ እንደገና "አዲስ" የሚለኝ ሰው ሲመጣ፣ ዶሮ ወጥ በጉሮሮዬ አይወርድም።

ይህን ስጨርስ ሁሉም ዝም አለ። ባለቤቴ እግሬን ከጠረጴዛው ሥር ረገጠችው። አንዲት እናት፣ "እስኪ እርጎ ይምጣለት" አሉ።

በማግስቱ ያው ወዳጄ ደወለ። ይቅርታ አልጠየቀም፤ በእኛ ወግ ይቅርታ በሌላ ነገር ተጠቅልሎ ነው የሚመጣው። "ቴስታታህን የምትወስድበት ቀን መቼ ነው? መኪና አለ አይደል እንዴ?" አለ። ወሰደኝ። የግራው ቴስታታ በፎጣዋ ተጠቅልላ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። መኪናው ሰው የተሳፈረ መስሎት ቀበቶ ይታሰር እያለ ጮኸ፤ ወዳጄ ወርዶ አሰረላት። ወንበሩም ይሞቃል። በሕይወቷ እንዲህ ሙቀቷ የተስተካከለበት ጊዜ አልነበረም። እውነቱን ለመናገር፣ የዚያ መኪና ጸጥታ ለወሬ ይመቻል። በእኔዋ ውስጥ ሁለት ሰው የሚያወራው ቀይ መብራት ላይ ብቻ ነው።

"ቆይ ግን" አለኝ መንገድ ላይ፣ "ሦስተኛው ሲሊንደር እንደሚጎዳ ካወቁ ማቀዝቀዣውን መጀመሪያ ለምን እዚያ አቆሙት? ጀርመን አይደሉ እንዴ?"

ቦታ ጠቧቸው ነው አልኩት። ቦታ ከጠበበ ሞተሩን ለምን ከኋላ አደረጉት አለ። ከኋላ ያደረጉት ጎማውን የሚያዞረው ከኋላ ስለሆነ ነው አልኩት። እሱ ደግሞ ጎማውን ለምን ከፊት አላዞሩትም አለ። በዚህ አኳኋን ወደ ኋላ ስንሄድ የመንኮራኩርን መፈጠር ልንደርስበት ምንም አልቀረን፤ ደግነቱ ቶርኖ ቤቱ ደረሰ። ባለሙያው ቴስታታዋን ወደ መብራት አዙሮ አየ፣ ስንጥቁን በጥፍሩ ዳሰሰ፣ አፉን መጠጠ። "ይቻላል" አለ። መቼ ግን አላለም። ወዳጄ በሩ ላይ ቆሞ፣ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ፣ የሚሽከረከረውን ቶርኖ ፈዝዞ ያይ ነበር። የሚወጣው የብረት ጥምዝ ቁራጭ ወለሉ ላይ ሲከመር ጎንበስ ብሎ አንዱን አነሳ፤ ገና ትኩስ ነበር መሰለኝ፣ ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አገላበጠው።

ስንመለስ ጥያቄው አላለቀም ነበር። የዘይቱ ነገር አሳስቦታል። ይህ ሞተር ዘይት ያንጠባጥባል የሚባለው እውነት ነው ወይ አለ። እውነት ነው፤ ግን ጥፋቱ የሞተሩ አይደለም፣ የገጣሚዎቹ ነው። በቴስታታውና በሞተሩ አካል መካከል ዘይት የሚመለስባቸው ስምንት ቆርቆሮ ቱቦዎች አሉ፤ ጎናቸው እንደ አኮርዲዮን የተሸበሸበ። ከመግጠማችሁ በፊት ሳብ ሳብ አድርጋችሁ ወደ 190 ሚሊሜትር ታደርሷቸዋላችሁ፤ ቴስታታው ሲጠብቅ ተጨምቀው ጎማቸውን ይይዛሉ። ካልሳባችኋቸው ይንጠባጠባል፤ አብዝታችሁ ከሳባችኋቸው ይሰነጠቃሉ። በቁመታቸው የብየዳ መስመር አለባቸው፤ ያ መስመር ወደ ላይ ዞሮ ነው የሚገጠመው፣ ድንገት ቢከፈት እንኳ ዘይቱ ከታች ስለሚያልፍ።

"ወደ ላይ?" አለ ወዳጄ። "እኔ ብሆን ወደ ታች ነበር የማደርገው፤ እንዲታየኝ።"

እንዲህ ያለ ሰው ነው እንግዲህ። መሪውን ለቆ በሁለት እጁ ሊያስረዳኝ ጀመረ፤ መኪናው ራሱን እየነዳ ይሆን አይሆን አላወቅሁም፣ መሪውን ያዝ አልኩት። ሲንሰን ጋ ስንደርስ፣ መስመሩ ወደ ጎን ቢሆንስ የሚል ሦስተኛ ሐሳብ አምጥቶ ነበር።